በደሴ ላረፉ ድምፃውያን የሚደረግ የአድናቂዎች መታሰቢያ

በደሴ አንድ ተወዳጅ ድምፃዊ ሲያርፍ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በየካፌው፣ በየሙዚቃ ቤቱና በየባጃጁ ለቀናት የሚሰማው የእሱ ሥራ ነው። ሟቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበረው አዲስ አበባ ስለሆነ የከተማው አድናቂ የሚያለቅሰው ከሩቅ ነው። ስለዚህ ሐዘኑ የሚገለጸው ቀን ቆጥሮ በመሰብሰብ፣ የቆዩ ካሴቶችን አድኖ በማሰማትና በመድረክ ነው።

የጥንቱ ልማድ ሙሾ ነው፤ አልቃሽ ግጥም ታወርዳለች፣ ሕዝቡ ይቀበላል። በደርግ ዘመን ደግሞ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የከተማዋን የሙዚቃ ጆሮ አሠለጠነው፤ የአምባሰሏ ማሪቱ ለገሰ የወጣችው ከዚያ ነው። አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች በወሎ አገር ስም መጠራታቸው አያከራክርም። አንቺ ሆዬ ለኔና ትዝታም የወሎ ናቸው ይባላል፤ በሌላው አካባቢ ይህን የማይቀበሉ አሉ። ያም ሆነ ይህ የደሴ አድማጭ ቅኝት የሳተ ዘፋኝን ወዲያው ይለያል፣ ለመታሰቢያ ዝግጅትም አይምረውም።

ቅሬና የቀን አቆጣጠር

በወሎ ለቅሶና ቀብር የሚመራው በቅሬ፣ ማለትም በሰፈሩ እድር ነው። በብዙ ሰፈር ቅሬው ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ይዟል፤ አድናቂዎችም የሁለቱን ወግ ማክበር የለመዱት ከዚያ ነው። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የሐዘን ቀናት ዘፈን አይከፈትም፣ ዱዓ ይደረጋል። ኦርቶዶክስ ከሆነ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ይታሰባል። አስከሬን ሳይቀበር መድረክ ማዘጋጀት በሁለቱም ዘንድ ነውር ነው። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገጥሙም የዘፈን ዝግጅቱ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል፤ በዕለቱ ጸሎት ወይም ዱዓ ብቻ ይሆናል።

በቀን ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ብዙ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ነው። ፋሲካ በየዓመቱ ስለሚዘዋወር ሙት ዓመቱን ከበዓሉ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ትክክሉ ሚያዝያ 11ን መያዝ ነው። ማዲንጎ አፈወርቅ ያረፈው ደግሞ መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ሲሆን፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 27 ነበር። 2015 ጳጉሜን 6 ስለነበራት በቀጣዩ ዓመት መስከረም 17 የዋለው ሴፕቴምበር 28 ላይ ነው። የስልክ ማስታወሻቸውን በፈረንጅ ቀን የሞሉ ሰዎች ሻማ የሚያበሩት በደመራው ዕለት ይሆናል ማለት ነው። ይህ የአንድ ቀን መዛነፍ የሚያጋጥመው ከመስከረም እስከ የካቲት ላሉ ቀናት ነው፤ የጥላሁንን ሚያዝያ 11 አይነካም።

ዓለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፍ ሰማንያው የዋለው በኅዳር 2014፣ ደሴ በጦርነቱ ውስጥ ሳለች ነበር።

ስለ ሙሉቀን መለሰ ሲታሰብ የተለየ ጥንቃቄ ያሻል። በ2016 ዓ.ም. ያረፈው ዘፈኑን ትቶ ለረጅም ዓመታት በመንፈሳዊ አገልግሎት ከኖረ በኋላ ነው። የቀድሞ ዘፈኖቹ መታሰቢያው ላይ ይሰሙ አይሰሙ የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ ቤተሰብን መጠየቅ ይቀድማል።

ካሴቱን ማዳን

ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። በየስልኩ የሚዞረው ብዙ ጊዜ ተጨምቆ የተቀዳ የቅጂ ቅጂ ነው፤ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ጽናጽሉ ይንሿሿል፣ የድምፃዊው ትንፋሽም ይጠፋል። ስለዚህ ከኦሪጅናሉ ካሴት መነሣት ግድ ነው። ሙዚቃ ቤት ያወጣቸው ካሴቶች በአብዛኛው የ60 ደቂቃ ናቸው። ሰው ለሰው የተቃዳባቸው የ90 ደቂቃዎቹ ክራቸው ስስ ስለሆነ ይለጠጣሉ፣ ቴፕም ቶሎ ይበላቸዋል።

ካሴቱ ከመከፈቱ በፊት በመስኮቱ በኩል ጥቅሉ ይታያል። በክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ሻጋታ ነው፤ የደሴ ጉምና የሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ያመጣዋል። ይህ ካሴት ሳይጸዳ ከተጫወተ ሻጋታው ወደ ቴፑ «ሄድ» (ድምፁን ከክሩ ወደሚያነበው ክፍል)፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይዛመታል። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ሙቀት ነው፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የተተወ የካሴት ቀፎ ይጣመማል፣ ክሩም መዞር ያቅተዋል።

ድምፁ ደብዝዞ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ክሩን ከጀርባ ወደ ሄዱ የምትገፋው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃ ሊሆን ይችላል፤ ሙጫዋ ሲደርቅ ትረግፋለች። በ5 ብሎን የታሰረ ቀፎ በትንሽ ካቻቪቴ ይፈታል። ሁለቱ ጥቅሎች ሳይነቀነቁ ክሩ ወደ ሌላ ደህና ቀፎ ይዛወራል። በሙጫ የተዘጋው ቀፎ ግን በስስ ምላጭ በመጋጠሚያው ዙሪያ ቀስ ብሎ መከፈት አለበት፤ የሚቸኩል ሰው ክሩን ይቆርጠዋል።

ሄዱና የጎማ ሮለሩ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ይጸዳሉ። አረቄም ሽቶም አይሆንም፤ አንዱ ውሃ፣ ሌላው ዘይት ይተዋል። ከዚያ ካሴቱ እስከ ጫፍ ይጠነጠንና ተመልሶ ይጠቀለላል፤ ለዓመታት ያልተነካ ክር ንብርብሩ ላይ የተጣበቀውን የሚለቀው በዚህ ነው። ድምፁ አሁንም ከታፈነ ከሄዱ ጎን ያለችው ብሎን በጥቂቱ እየዞረች፣ «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው እስኪሰሙ ይፈለጋል።

ወደ ኮምፒውተር ሲገባ መስመሩ የሚሰካው በማይክ ቀዳዳ አይደለም፤ ብዙው ላፕቶፕ ላይ እሱ ለአንድ ጆሮ ብቻ የተሠራ ነው፣ ድምፁንም ያፍነዋል። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይያዛል። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀዳ አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት 1 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ዋናው ቅጂ ሳይጨመቅ ይቀመጣል፤ ኤምፒስሪ የሚሠራው ለማሠራጫ ብቻ ነው።

ፍጥነትም ይፈተሻል። ቴፑ 6 በመቶ ፈጥኖ ከዞረ ዘፈኑ ግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይላል፤ የድምፃዊው ወዝ የሚቀየረውም ያን ጊዜ ነው። በአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ በቀረጻው ውስጥ የሚሰማው ዝቅተኛ የመብራት እምታ 52 ላይ ከታየ ካሴቱ 4 በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው። ቴፑ ቆሞም እምታው ካለ ግን ከራሱ ከመሣሪያው የመጣ ነውና መለኪያ አይሆንም።

መድረኩ

ዘፈኖቹ በወጡበት ዓመት ቅደም ተከተል ቢደረደሩ ያምራል፤ ክራር ካለ ግን በቅኝት መደርደር ይሻላል። ስድስቱን የክራር አውታሮች ከትዝታ ወደ አምባሰል ማዞር ጊዜ ይወስዳል፤ ከትዝታው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ወደ አምባሰሉ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ሲታለፍ ከዶና ከሶል በቀር ሌላው ሁሉ ይነካል። ማሲንቆ በአንድ የፈረስ ጭራ አውታር ስለሚሠራ ይህ ችግር የለበትም። የምሽቱ ቅዝቃዜና እርጥበት ግን አውታሩን ያላላዋል፤ ከመድረክ በፊት በአዳራሹ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ መቆየት አለበት።

ማጉያው በአዛን ሰዓት ይጠፋል፣ አርብ ቀትርም ፕሮግራም አይያዝም። ሟቹ የዘፈነበት ከፍታ ላይ የማይደርስ ድምፃዊ በራሱ ከፍታ ቢዘፍን ይመረጣል፤ ለማስመሰል ሲጮኽ አድማጩ የሚያስታውሰው ጩኸቱን ነው።

ለባነር የሚሆን ፎቶ ከማኅበራዊ ገጽ የወረደ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። 1 ሜትር ስፋት ላለው ሕትመት ወደ 4,000 ፒክስል ያስፈልጋል፤ የወረደው ደግሞ በአብዛኛው የዚያ ግማሽ አይሞላም። የካሴቱ ሽፋን በስካነር ቢነሣ የተሻለ ነው። ባነር ከመታዘዙ በፊት ግን የሞቱ ወሬ ከቤተሰብ ወይም ከሙያ ማኅበር ይረጋገጣል፤ በሕይወት ያሉ አንጋፋዎች ላይ ነፍስ ይማር ሲባል በተደጋጋሚ ታይቷል፣ ለቤተሰቡም ድንጋጤው ከባድ ነው።

የዳነው ቅጂ በሦስት ቦታ ይቀመጣል፦ አንዱ ከባለ ካሴቱ፣ አንዱ ከአሰናጆቹ ዘንድ፣ አንዱ ከደሴ ውጭ። ከ2014 ወዲህ ሦስተኛውን ችላ የሚል አሰናጅ ጥቂት ነው። ካሴቱ ራሱ በቁሙ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ መነሻው ተጠቅልሎ፣ ከድምፅ ማጉያ ርቆ ይቀመጣል፤ የማጉያው ማግኔት ክሩ ላይ ያለውን ቅጂ ሊያጠፋው ይችላል።