ስለ ትናንሽ ንግዶች ሂሳብ በየሱቁ የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች

"ሂሳብ መያዝ ለገቢዎች ብሎ መልፋት ነው"

ይሄን ያላለ ነጋዴ የለም። እውነታው ግን መዝገብ ከሌላችሁ ግብሩ አይቀርም፣ በግምት ነው የሚመጣው፣ ያኔ "ኧረ ይሄን ያህል አልሸጥኩም" ብትሉ ማሳያ የላችሁም።

"ባንክ ስቴትመንትና ቴሌብር አለኝ፣ ይበቃኛል"

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። የሱቁም የቤቱም ብር በአንድ አካውንት ይገባል፣ እቁብ ሲወጣ እዛው፣ ወንድም ከአረብ አገር ሲልክ እዛው፣ ጓደኛ ብድሩን ሲመልስ እዛው፣ ከዛ ኦዲት ሲመጣ የገባው ብር በሙሉ ሽያጭ መስሎ ይታያል እና የቱ የምን እንደሆነ በየቀኑ ካልተጻፈ ከሁለት አመት በኋላ ማን ያስታውሳል? ስቴትመንቱ ብር መግባቱን እንጂ ለምን እንደገባ አይናገርም። ደሞ በዱቤ የሸጣችሁት፣ መደርደሪያ ላይ ያለው እቃ፣ ለአቅራቢ ያለባችሁ እዳ እዛ ላይ የለም። ቢያንስ ለሱቁ ለብቻው አካውንት ክፈቱ፣ በጣም ይረዳል።

"ከስሬያለሁ፣ ምን አሳውቃለሁ"

ይሄኛው ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሰው መብቱን ነው የሚጥለው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ኪሳራን እስከ 5 አመት ማሻገር ይፈቅዳል፣ ማለትም በኋላ ስታተርፉ ከትርፉ ላይ ይቀነስላችኋል። ግን ኪሳራውን የሚያሳየው መዝገብ ኦዲት ተደርጎ ተቀባይነት ማግኘት አለበት፣ በአፍ ከስሬያለሁ ማለት አይሰራም።

"ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር) ብሆንም ሽያጬ ትንሽ ነው፣ መዝገብ አይመለከተኝም"

ይመለከታችኋል። ድርጅት ከሆናችሁ ሽያጩ ቢያንስም ደረጃ ሀ ናችሁ፣ ማለትም ሙሉ የሂሳብ መዝገብ መያዝ ያለበት ግብር ከፋይ፣ በጀት አመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ እስከ ጥቅምት 30 ሂሳብ ዘግቶ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

"አካውንታንት ቀጥሬያለሁ፣ ፒችትሪም (የሂሳብ ሶፍትዌሩ) አለ፣ አለቀ"

አላለቀም። አመቱን ሙሉ ደረሰኝ በፌስታል አጠራቅሞ ጥቅምት ላይ ለሂሳብ ሰራተኛ ማስረከብ ሂሳብ መያዝ አይደለም፣ ሰኔ 30 እቃ ካልተቆጠረ ፒችትሪ ላይ ያለው ስቶክ ዝም ብሎ ቁጥር ነው፣ ስህተት ሲገኝ ደሞ ተጠያቂው ግብር ከፋዩ ነው።

"ደረሰኝ የማይቆርጥ ነጋዴ ሁሉ አጭበርባሪ ነው"

ይሄን ደሞ ከነጋዴው ውጪ ያለው ሰው ነው የሚለው። አጭበርባሪ አለ፣ አልክድም። ግን ትንሹ ቸርቻሪ ራሱ ሲገዛ ደረሰኝ አያገኝም፣ ስጠኝ ሲል "ከፈለክ ውሰድ" ይባላል፣ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ደግሞ ተቀባይነት ስለሌለው ሽያጩን በሙሉ ካሳወቀ ያላተረፈው ትርፍ ላይ ግብር ይከፍላል። ቁጥጥሩ ከቸርቻሪው በፊት ከአከፋፋዩና ከአስመጪው ቢጀምር ነው ትክክል የሚሆነው።