«ኩባያ ያው ኩባያ ነው» ለምትሉ

አራት ኪሎ አካባቢ ዳቦና ኬክ አስተምራለሁ። ሰሞኑን አንዲት ተማሪ ቤቷ የጋገረችውን ኬክ ይዛልኝ መጣች። አናቱ ተሰንጥቋል፣ ሲቆረስ ይፈረፈራል። «ቲቸር፣ እንዳሉኝ ሦስት ኩባያ ዱቄት ነው ያደረግኩት» አለችኝ። አልዋሸችም። ይህንኑ ነገር በየዙሩ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ልጻፈው።

«ኩባያ ያው ኩባያ ነው።» አይደለም! የውጭ አዘገጃጀት ላይ ካፕ የሚባለው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ መለኪያ ነው፤ 250 የሚሉም አገሮች አሉ። የሻይ ብርጭቋችን በዚያ ልክ አልተሠራም፣ የቡና ስኒማ ጭራሽ። ትክክለኛው መለኪያ ቢኖራችሁም ዱቄት ያታልላችኋል። ልጅቷን አንዱን ኩባያ ሦስት ጊዜ አስሞላኋት። መጀመሪያ ዱቄቱን በማንኪያ ቀስ እያለች ጨምራ ላዩን በቢላ ጀርባ ጠረገችው፤ ሚዛኑ 120 ግራም አለ። ቀጥሎ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ከታ ዛቀች፤ ወደ 140 ወጣ። በመጨረሻ ቤቷ እንደምታደርገው ዝቃ፣ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ፣ የጎደለውን ደግማ ሞላች። 160! ዱቄት በመሃሉ አየር ይይዛል፤ ሲነፋ ይሳሳል፣ ሲጠቀጠቅ ይታመቃል። በሦስት ኩባያ ልዩነቱ 120 ግራም ነው፤ ሳታውቀው አራተኛ ኩባያ ጨምራለች ማለት ነው። ይህ ሁሉ ዱቄት የተጫነበት ኬክ ከየት መጥቶ ይለስልስ?

«የሾርባ ማንኪያ ማለት ትልቅ ማንኪያ ነው።» 15 ሚሊ ሊትር ነው፣ የሻይ ማንኪያ 5። እርሾና ቤኪንግ ፓውደር ላይ እባካችሁ በግምት አትሥሩ።

«አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው።» ለውሃ፣ አዎ። አንድ ሊትር ዘይት ግን 920 ግራም ገደማ ነው፣ ማር ደግሞ 1.4 ኪሎ ይደርሳል። ጎረቤቴ አንድ ኪሎ ማር ገዝታ የሊትር ጠርሙሷ ስላልሞላ ነጋዴውን ሌባ ብላ ሰድባው መጣች። ኪሎ ማር 700 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ተመልሰሽ ይቅርታ ጠይቂው ብያታለሁ።

«እናቴ ሳትለካ ነው የምትሠራው።» ይህችን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ወጥ ላይ ቀምሳ ታስተካክላለች፤ ምድጃ የገባ ኬክ ግን አይቀመስም። ድፎ ዳቦዋንስ ብትሉ፣ እናታችሁ መለኪያ አላት፤ ለዓመታት ያልቀየረቻት ጣሳ። በዚያችው ጣሳ፣ በዚያው እጅ ስለምትሰፍር ነው ዳቦዋ የማይዛነፈው። እናንተ ጣሳዋን ትታችሁ «በግምት» የሚለውን ብቻ ወረሳችሁ።

አንድ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ግዙ። ጎድጓዳ ሳህኑን ከላይ አስቀምጡ፣ ወደ ዜሮ መልሱት፣ ዱቄቱን ጨምሩ፣ እንደገና ዜሮ፣ ስኳሩን ጨምሩ። ቅዳሜ እናታችሁ ቤት ስትሄዱ ሚዛኑን ያዙና ጣሳዋን ራሷ ዱቄት ትሙላላችሁ፤ ግራሙን እዚያው ጻፉት።