ፕሪንተሩ ዝርዝሩ ውስጥ ስላለ ተሰክቷል ማለት አይደለም

በኮምፒውተር ላይ ያሉ ፕሪንተሮችን በስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞችን በተርታ በሚያስኬድ አጭር ፕሮግራም፣ ከሚፈልጉ ሰዎች «ስክሪፕቱ እኮ ፕሪንተሩን አግኝቶታል» የሚለውን ንግግር መስማት ሰልችቶኛል። አላገኘውም። ያገኘው ስሙን ነው።

ዊንዶውስ ላይ «ጌት-ፕሪንተር» የሚለውን የፓወርሼል (የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ) ትእዛዝ ጽፎ የወጣለትን ዝርዝር የሚያይ ሁሉ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኙትን ማሽኖች ያየ ይመስለዋል። ዝርዝሩ የሚያሳየው በኮምፒውተሩ ላይ የተጫኑ የኅትመት ወረፋዎችን ነው። አንድ ወረፋ የሚይዘው ስም፣ ድራይቨር (ፕሪንተሩን የሚያናግረው ፕሮግራም) እና ፖርት (ሥራው የሚላክበት መውጫ) ነው፤ ሦስቱም የተጻፉት መዝገብ ላይ ነው። ማሽኑ ተነቅሎ መጋዘን ቢገባ፣ ቢሸጥ ወይም እሳት ቢበላው ወረፋው ሰው እስኪሰርዘው ድረስ በቦታው ይቆያል። ስልካችሁ ላይ ቁጥሩ የተመዘገበ ሰው ሁሉ አሁን ስልኩን ከፍቶ ይጠብቃችኋል?

ማስረጃው ሩቅ አያስኬድም። ፕሪንተር ተሰክቶበት በማያውቅ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ትእዛዙን አስኪዱት። ፋይል ብቻ የሚያወጣው «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ከነሙሉ ክብሩ ይወጣላችኋል። ወረቀት የለው፣ ቀለም የለው፣ ገመድ የለው።

አንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ቆጠራውን በስክሪፕት ሊጨርስ አስቦ ነበር። ስክሪፕቱ በየኮምፒውተሩ ዞሮ ስም ለቀመ፤ ሪፖርቱም ቤቱ በዘመኑ ገዝቶ ከሚያውቀው በላይ ፕሪንተር ይዞ መጣ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ትርፎቹ ማሽኖች የት እንደገቡ ግምጃ ቤቱን ሲያፋጥጡ ሰነበቱ። የትም አልገቡም። ሴሪያል ቁጥሩን ለኮምፒውተሩ የማያሳውቅ የዩኤስቢ ፕሪንተር ከአንዱ ቀዳዳ ተነቅሎ ሌላው ላይ ሲሰካ፣ ዊንዶውስ አዲስ ማሽን የመጣ ይመስለውና ሌላ ወረፋ ይከፍታል፤ ስሙ ላይም «ኮፒ 1» ይጨምራል። ጠረጴዛ በተዛወረ ቁጥር አንድ ፕሪንተር ሲወለድ ኖሯል።

በእውነት የተሰካውን ለማወቅ መጠየቅ ያለበት የኅትመት አገልግሎቱ ሳይሆን የመሣሪያዎች መዝገብ ነው። «ጌት-ፒኤንፒዲቫይስ» የሚለውን ትእዛዝ «ፕረዘንት-ኦንሊ» ከሚለው አማራጭ ጋር አስኪዱትና መለያቸው «ዩኤስቢፕሪንት» ብሎ የሚጀምሩትን ብቻ አስቀሩ። ይህችን የመጨረሻ ማጣሪያ አትዝለሏት፤ ወረፋዎቹም እዚያ እንደ መሣሪያ ተመዝግበው ስለሚገኙ፣ ያለ ማጣሪያ ያ ገመድ የለሽ ፒዲኤፍ ተመልሶ ይመጣባችኋል።

«ሁኔታው 3 ይላል፤ ስለዚህ ዝግጁ ነው» የሚሉም አሉ። «ዊን32-ፕሪንተር» በሚባለው፣ ዊንዶውስ ስለ እያንዳንዱ ወረፋ በሚያቀርበው መረጃ ውስጥ 3 ቁጥር ማለት ሥራ ፈት ነው ማለት ነው። የጠፋ ፕሪንተርም 3 ሊል ይችላል፤ የተለወጠ ነገር እንዳለ ለኮምፒውተሩ የነገረው የለምና። በዩኤስቢ ለተሰካ ማሽን «ወርክኦፍላይን» የሚለው መስክ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል፤ ገመዱ ሲነቀል ብዙውን ጊዜ «እውነት» ወደሚለው ይለወጣል። ፍንጭ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተጠቃሚው ራሱ ፕሪንተሩን ከመስመር ውጪ አድርጎት ሊሆን ይችላል።

ነባሪ የተባለው ፕሪንተር፣ ማለትም ሌላ ካልተመረጠ ኅትመት የሚላክለት፣ የተሰካው ነው? አይደለም። ዊንዶውስ 10 ከ2015 የኅዳር ወር ማሻሻያው (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ፣ ምርጫው ለእሱ ከተተወለት፣ በመጨረሻ የታተመበትን ነባሪ ያደርጋል። ትናንት ፒዲኤፍ ያወጣ ሰው ዛሬ ነባሪው ፒዲኤፍ ቢሆንበት አይገረም።

የድራይቨሩ ስም የማሽኑን ሞዴል አይነግርም። በተለይ የኤችፒን ሁለንተናዊ ድራይቨር የጫነ ቤት ሁሉም ፕሪንተሮቹ አንድ ስም ይዘው ይወጡለታል። ሞዴሉን የሚያውቀው ማሽኑ ራሱ ነው። በዩኤስቢ ሲሰካ የአምራቹንና የሞዴሉን ስም የያዘ የመለያ ጽሑፍ ለኮምፒውተሩ ይልካል፤ በኔትወርክ ያለውን ደግሞ የኔትወርክ መሣሪያዎች ስለ ራሳቸው በሚጠየቁበት በኤስኤንኤምፒ፣ በ161ኛው የኔትወርክ ፖርት በኩል፣ መጠየቅ ይቻላል።

ፒንግ (በኔትወርክ «አለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ) መለሰ ማለትም ፕሪንተሩ አለ ማለት አይደለም። በዚያ አድራሻ አንድ ነገር አለ ማለት ብቻ ነው። አድራሻው በዲኤችሲፒ፣ ማለትም በኔትወርኩ በራስ-ሰር የሚታደል ከሆነ ዛሬ የመለሰላችሁ የሒሳብ ሹሙ ላፕቶፕ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ብዙ የኔትወርክ ፕሪንተሮች ሥራ የሚቀበሉበት 9100ኛው ፖርት ክፍት መሆኑን ፈትሹ።

ሌላው በየጊዜው የሚገጥመኝ የአስተዳዳሪ ጉዳይ ነው። «ስክሪፕቱን በሙሉ ሥልጣን ስላስኬድኩት ሁሉንም ያያል» ይላሉ። ሥልጣን ሲጨምር እይታ የሚጨምር ይመስላቸዋል። ከሰርቨር የተጋራ ፕሪንተር በተለመደው መንገድ ሲገናኝ የሚመዘገበው በተጠቃሚው የግል ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ነው፤ ነባሪ ፕሪንተርም እንደዚያው። በሲስተም መለያ (የማንም ሰው ባልሆነው፣ በዊንዶውስ በራሱ መለያ) የሚሄድ የታቀደ ሥራ የወይዘሮ እገሊትን ፕሪንተሮች ጭራሽ አያያቸውም፤ ስሕተትም አያሳይም፣ አጭር ዝርዝር ሰጥቶ ዝም ይላል። ስለ ተጠቃሚው ለማወቅ ስክሪፕቱ በተጠቃሚው መለያ፣ እሱ ሲገባ ይሂድ።

ሊኑክስና ማክ ከዚህ ሁሉ ነጻ ናቸው የሚባለው ቀልድ ነው። እዚያም «ኤልፒስታት» የሚለው ትእዛዝ ወረፋ ነው የሚያሳየው፤ የሚታዩትን መሣሪያዎች ለማየት «ኤልፒኢንፎ» የሚለው ትእዛዝ ያስፈልጋል።

ድረ ገጽ የጎብኚውን ፕሪንተር ለይቶ ማወቅ አይችልም። ጃቫስክሪፕት የማተሚያ መስኮቱን ይከፍታል፤ ዝርዝሩን ግን አሳሹ አይሰጠውም፣ ሆን ተብሎም ነው። የግድ ከሆነ በኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ረዳት ፕሮግራም አዘጋጁ።

የሱቅና የካፌ ደረሰኝ ማተሚያዎች ደግሞ ሁሉንም ስክሪፕት ያሞኛሉ። ብዙዎቹ የተጫኑት «ጄኔሪክ ቴክስት ኦንሊ» በሚለው ድራይቨር ስለሆነ ስማቸው ምንም አይናገርም። አንዳንዶቹ በሴሪያል መቀየሪያ ገመድ ስለሚሰኩ በኮም ፖርት (በሴሪያል መሰኪያ) መልክ እንጂ በፕሪንተር መልክ አይታዩም፤ «ጌት-ፕሪንተር» ቀኑን ሙሉ ቢፈልጋቸው አያገኛቸውም። ማሽኑ በኢፕሰን የትእዛዝ ቋንቋ የሚሠራ ከሆነ ፖርቱን ራሳችሁ ከፍታችሁ 16፣ 4 እና 1 የሚሉትን ሦስት ባይቶች ላኩለት፤ በሕይወት ካለ በአንድ ባይት ይመልሳል። በ1 ፋንታ 4 ከላካችሁ ስለ ወረቀቱ ይነግራችኋል። አንዳንድ ርካሽ ማሽን ይህን ጥያቄ አይመልስም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ሞክሩት።