ሥራ ላይ ያለ ሰው ዘርፈ ብዙ ትምህርት ሲማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቅዳሜ ጠዋት በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ደብተር ይዘው ወደ ክፍል ከሚገቡት መካከል ብዙዎቹ ልጅ ያሳደጉ፣ ደመወዝተኛ የሆኑና ዓመታት የዘለቀ የሥራ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ነርሷ ከሌሊት ተረኝነት በቀጥታ ትመጣለች፤ የፋብሪካው ፈረቃ መሪ ቦታውን ለባልደረባው አስረክቦ ይመጣል፤ የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያም ሳምንቱን ሙሉ ባለጉዳይ ሲያስተናግድ ሰንብቶ ይመጣል። ከእነዚህ አንዱ አንድ የትምህርት ክፍል ብቻውን የማይሸፍነውን ነገር፣ ለምሳሌ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራርን፣ የኅብረተሰብ ጤናን፣ የልማት ጥናትን ወይም የአካባቢ ሳይንስን ለመማር ሲያስብ ከቤተሰብም ከባልደረባም የሚሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው፦ «ይቅርብህ»። ምክሩ ከቅን ልብ የሚመነጭ ቢሆንም በውስጡ ያሉት አመለካከቶች አብዛኞቹ የተሳሳቱ ናቸው፤ በትምህርቱ ላይ ስላለሁም ስህተቶቹ ስንት ብርቱ ሰው እንደሚያስቀሩ አያለሁ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም»

ይህ ተረት በጥናት ላይ ሲነገር፣ ሁለት ሦስት ዘርፍ የሚነካ ሰው አንዱንም በጥልቀት አያውቅም ማለት ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ጥልቀትን ከትምህርት ክፍሉ ስም ጋር አንድ አድርጎ ከማየት ነው። ጥልቀት የሚለካው በተያዘው ጥያቄ ነው፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚይዘው ጥያቄ ደግሞ በትምህርት ክፍል ተከፋፍሎ አይመጣም።

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ስትሆን የመሬት መንሸራተት የቆየ ችግሯ ነው። ከቁልቁለቱ በአንዱ የተሠራ ቤት ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ መሠረቱ የሚወርድ ስንጥቅ አወጣ እንበል። ባለሙያው መጀመሪያ በስንጥቁ ላይ ጄሶ ይለጥፍና ቀኑን ይጽፍበታል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ጄሶው ራሱ ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴው አልቆመም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ግን መሬቱ ነው ወይስ ግንባታው የሚለውን ለመለየት የአፈሩን ዓይነትና የቁልቁለቱን ዘንበል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ውኃው ከየት እንደሚሰርግ ለማወቅ ደግሞ የጎርፍ መውረጃውንና ከላይ ያሉ ቤቶች የፍሳሽ ጉድጓዳቸውን የት እንደቆፈሩ መከታተል ግድ ነው። ቤተሰቡ ይነሣ ከተባለ የይዞታ ማረጋገጫው ጉዳይ፣ የካሳው ጉዳይ፣ ዕቁቡንና እድሩን ትቶ ወደ ሌላ ቀበሌ መሄድ ምን ያስከትላል የሚለው ጉዳይ ተከትሎ ይመጣል። የሥነ ምድር ባለሙያው የመጀመሪያውን፣ መሐንዲሱ ሁለተኛውን፣ የሕግ ባለሙያው ሦስተኛውን ጥሩ አድርገው ይመልሱ ይሆናል፤ ነገር ግን የሦስቱን መልስ አንብቦ በአንድ የውሳኔ ሐሳብ ላይ ፊርማውን የሚያኖረው ያ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ ነው። ዘርፈ ብዙ ጥናት የሚያሠለጥነው ይህን ሰው ነው፤ ማሠልጠኑም የሦስቱን ሙያተኞች ቦታ እንዲይዝ ሳይሆን የእያንዳንዱን ማስረጃ ጥንካሬና ድክመት መዝኖ እንዲያገናኝ ነው።

ከወሎ ታሪክ ሌላ ከባድ ምሳሌ አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ለብዙዎች የዝናብ መጥፋት ውጤት ብቻ ሆኖ ይታይ ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ትንታኔ ግን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው ያህል አለመናሩን፣ እንዲያውም ሰው እየተራበ እህል በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር አመለከተ። አዝመራው የከሸፈበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጥቶ ነበር፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ረሃብ ደግሞ የገበያ ዋጋ አያስወድድም። በአዋሽ ሸለቆ የግጦሽ መሬቱ በሰፋፊ የንግድ እርሻዎች የተያዘበት የአፋር አርብቶ አደርም ከብቱ አለቀበት፤ የተረፈውን ለገበያ ሲያወጣም በምላሹ የሚያገኘው እህል አነሰበት። ሌሎች ምሁራን በዚህ ትንታኔ ዝርዝሮች ላይ ተከራክረዋል፣ ክርክሩም ተገቢ ነው። ሆኖም የአየር ንብረትን፣ የመሬት ይዞታን፣ የገበያንና የአስተዳደርን ማስረጃ አንድ ላይ ሳያስቀምጡ ያንን ረሃብ መረዳት እንደማይቻል ማንም የሚክድ አይመስለኝም። የገዛ አያቶቻችንን የጨረሰ ነገር በአንድ ዘርፍ ብቻ የሚገባ ባለመሆኑ፣ ዘርፎችን ማገናኘትን እንደ መቀናጣት የሚያይ አስተያየት በወሎ ምድር ሲነገር መስማት ያሳዝነኛል።

ተረቱ እውነት የሚሆንበት ቦታም አለ። ኮርሶችን ከየትምህርት ክፍሉ ለቃቅሞ የደረደረ፣ የማገናኘቱን ሥራ ግን ለተማሪው ብቻ የተወ መርሐ ግብር ዘርፈ ብዙ ሊባል አይገባውም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሥነ አመክንዮን፣ ሥነ ልቦናን፣ ጂኦግራፊንና ሥነ ሰብእን የመሳሰሉ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ፤ ይህ ጠቃሚ ስፋት ነው፣ ነገር ግን ኮርሶቹ ጎን ለጎን የሚሄዱ እንጂ በአንድ ጥያቄ ላይ የሚገናኙ አይደሉም። ልዩነቱን ለመለየት ቀላሉ መንገድ የመመረቂያ ጽሑፉን አሠራር መጠየቅ ነው፦ ከሁለት ዘርፍ የመጡ አማካሪዎች አንድ ጽሑፍ አብረው የሚያርሙበት መርሐ ግብር ከሆነ የማገናኘቱ ትምህርት በእርግጥም አለ ማለት ይቻላል።

«ከዚህ ዕድሜ በኋላ አእምሮ አይቀበልም»

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሬይመንድ ካቴልና ጆን ሆርን የማሰብ ችሎታን በሁለት ከፍለው አጥንተዋል። አዲስና እንግዳ ነገርን በፍጥነት የማስላት ችሎታ ከወጣትነት በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በዕድሜና በትምህርት የሚከማቸው ዕውቀት፣ የቃላት ሀብትና የማመዛዘን ብቃት ግን በጎልማሳነት ዘመን ጸንቶ ይቆያል፣ ብዙ ጊዜም ያድጋል። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የለንደን የታክሲ ሹፌር ለመሆን የከተማይቱን በሺዎች የሚቆጠሩ ጎዳናዎች በቃላቸው የሚያጠኑ ጎልማሶችን አእምሮ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ መርምሮ፣ ፈተናውን ባለፉት ዘንድ ከማስታወስ ጋር የተያያዘው ሂፖካምፐስ የተባለው የአእምሮ ክፍል በከፊል መጨመሩን አሳይቷል፤ ባላለፉት ዘንድ ይህ አልታየም። ስለዚህ የአርባ ዓመት ተማሪ ከሃያ ዓመቱ ልጅ ጋር በሽምደዳ ፍጥነት መወዳደር የለበትም፤ የተለያዩ ዘርፎችን ማስረጃ በሚያመዛዝን ትምህርት ላይ ግን ያካበተው ነገር ያግዘዋል እንጂ አይጎዳውም። ጎልማሳውን በእውነት የሚፈትነው የጊዜና የድካም ጉዳይ ነው፣ ይህም አእምሮው አይቀበልም ከማለት ፈጽሞ ይለያል።

«የሥራ ልምድ ስላለኝ ትምህርቱ ለወረቀት ብቻ ነው»

ይህንን የሚሉት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። በአንድ ጤና ጣቢያ አሥር ዓመት የሠራች ነርስ የትኛው ቀበሌ ላይ ተቅማጥ በየክረምቱ እንደሚበረታ ታውቃለች፣ ዕውቀቷም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ወደ ጤና ጣቢያው ያልመጡትን ሕሙማን ስላላየች፣ ልምዷ የሚነግራት የመጡትን ብቻ ነው። የናሙና አወሳሰድ ትምህርት ይህን ክፍተት ያሳያታል፤ የውኃ አቅርቦት ትምህርት ምንጩን እንድትጠረጥር፣ የሥነ ማኅበረሰብ ትምህርት ደግሞ እናቶች ለምን እንደሚዘገዩ እንድትጠይቅ ያደርጋታል። ልምድ ለጥናቱ ጥሬ ሀብት ነው፤ የሚጠቅመው ግን ሲፈተሽ ነው፤ አንዳንዴም ፍተሻው ለዓመታት የታመነበትን ነገር ያፈርሳል።

«ሒሳብ የሚፈሩ ሰዎች መሸሸጊያ ነው»

አይደለም። የኅብረተሰብ ጤናም ሆነ የልማት ጥናት ያለ ስታቲስቲክስ አይሄድም፤ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው የሚቀመጥበት ሀገር አቀፍ የመግቢያ ፈተናም ቁጥርን የማሰላሰል ችሎታ ይለካል። ከትምህርት የራቀ ሰው ከማመልከቱ በፊት መቶኛን፣ ንጽጽርንና ግራፍ ማንበብን ቢከልስ ይበጀዋል።

«የቅዳሜና እሑድ ዲግሪ ከመደበኛው ያንሳል»

የማታው፣ የቅዳሜና እሑዱም ሆነ የርቀቱ ትምህርት ልዩነቱ በሰዓቱና በአሰጣጡ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በመንግሥትም በግልም ተቋም ቢማሩ ሀገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ለማለፍም 50 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። አንዳንድ መርሐ ግብሮች ደካማ መሆናቸውን አልክድም፤ መምህር የሚቀርበት፣ ቤተ መጻሕፍቱ እሑድ የሚዘጋበት ቦታ ተማሪውን ይበድላል። ይህ ግን ሊጠየቅና ሊስተካከል የሚገባው የአሠራር ጉድለት እንጂ የትምህርት ዓይነቱ ባሕርይ አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ የሚማር ሰው የከፈለበትን ሙሉ ክፍለ ጊዜ የመጠየቅ መብት አለው።

«በዚህ ዲግሪ ማንም አይቀጥርም»

ከሁሉም አመለካከቶች እውነት የተቀላቀለበት ይህ ነው። የቅጥርና የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያዎች የትምህርት ዘርፍን በስም ይዘረዝራሉ፤ ብዙዎቹ «ወይም ተዛማጅ የትምህርት ዘርፍ» የሚል ሐረግ ቢጨምሩም ተዛማጅ የሚባለው ምን እንደሆነ በየመሥሪያ ቤቱ በተለያየ መንገድ ይተረጎማል። በዚህ ምክንያት ጥሩ ዕውቀት ይዘው በስያሜ ብቻ ከውድድር የወጡ ሰዎች አሉ፣ ቅሬታቸውም እውነተኛ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ዲግሪው ዋጋ የለውም ማለት ግን አይቻልም፤ በተለይ ቀድሞ በነርስነት፣ በመምህርነት ወይም በምህንድስና መሠረት ላላቸው ሰዎች ዘርፈ ብዙው ሁለተኛ ዲግሪ በነበራቸው ሙያ ላይ የሚጨመር እንጂ የሚተካው ስላልሆነ፣ ብቻውን ሥራ ፍለጋ አይወጣም። የመጀመሪያ ዲግሪውን ገና የሚጀምር ሰው ግን ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፣ እኔም አንድ የጸና ሙያ ይዞ እንዲጀምር እመክረዋለሁ።

ለሁለቱም የሚሠራው ጥንቃቄ ከምዝገባ በፊት የሚደረግ ነው። ሠራተኛ የሆነ ሰው የመርሐ ግብሩን ሙሉ ስያሜ በትራንስክሪፕት ላይ እንደሚጻፈው አድርጎ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል ይሂድና ለሚፈልገው የሥራ መደብ ተቀባይነት እንዳለው በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የቃል መልስ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ተቋሙ የግል ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠውን የዕውቅና ፈቃድ አይቶ ያረጋግጥ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ መርሐ ግብር፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የአሰጣጥ ዓይነት ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ለመደበኛ ትምህርት የተፈቀደው ለደሴው የርቀት ትምህርት አያገለግልም።