የሳሊክ ሕግ ምንድን ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ከአሳማ ነው። እ.ኤ.አ. በ500 አካባቢ፣ በንጉሥ ክሎቪስ ዘመን፣ ለፈረንሳይ ስሟን ካወረሷት ከፍራንኮች ወገን የሆኑት ሳሊያኖች ሕጋቸውን በላቲን አስጻፉ። አብዛኛው የካሳ ዝርዝር ነው፤ አሳማ የሰረቀ ስንት ይክፈል፣ ሰው የገደለ ስንት ይክፈል የሚል። መሐል ላይ ስለ ርስት የምትናገር አንዲት አንቀጽ አለች። የሳሊያን ርስት ለሴት አይተላለፍም ትላለች። ስለ ዘውድ ግን ትንፍሽ አትልም።

ይህችው አንቀጽ ናት ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆይታ የፈረንሳይ ዙፋን ዘበኛ የሆነችው።

የፈረንሳዩ ፊሊፕ 4ኛ በ1314 ሲሞት ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት። አልጋው ወራሽ የሚያጣ አይመስልም ነበር። ሦስቱም ተራ በተራ ነገሡ፣ ተራ በተራ ሞቱ፤ ለአልጋ የሚበቃ ወንድ ልጅ ያስቀረ የለም። የመጨረሻው ሻርል 4ኛ በ1328 ሲሞት ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። አገር ሁሉ ሆዷን ጠበቀ። ሴት ወለደች።

ለሟቹ በሥጋ የሚቀርበው ወንድ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ነው፤ የእህቱ የኢዛቤላ ልጅ፣ ገና የ15 ዓመት ወጣት። ሌላው የሟቹ የአጎት ልጅ ፊሊፕ ዘ ቫሎዋ ነው። እንግሊዞቹ «ሴት ባትነግሥም መብቱን ለልጇ ታስተላልፋለች» አሉ። ፈረንሳዮቹ ደግሞ «የሌላትን ከየት አምጥታ ታወርሰዋለች?» ብለው ፊሊፕን አነገሡ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ክርክሩ ሽፋን ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ እንዲገዛቸው አልፈለጉም። ኢዛቤላም ገና በቅርቡ ከውሽማዋ ጋር ሆና ባሏን ከዙፋን ያወረደች ሴት ናት።

ልብ በሉ፣ ያኔ የሳሊክን ሕግ የጠቀሰ የለም። ሪሻር ሌስኮ የሚባል የሳን ዴኒ ገዳም መነኩሴ ያነሣው በ1358 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ኤድዋርድም መጀመሪያ ዋጥ አድርጎት ነበር። በ1329 አሚየን ሄዶ ፈረንሳይ ውስጥ ስላለው ግዛቱ ስለ ጉየን ለፊሊፕ እጅ ነሣ። ፊሊፕ በ1337 ጉየንን ሲወርስበት ነው የእናቱ ዘር ትዝ ያለው። በጥር 1340 በፍላንደሮች አገር፣ ጌንት ከተማ ገበያ መሐል «የፈረንሳይ ንጉሥ ነኝ» ብሎ አወጀ። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ፍላንደሮች ሸማኔዎች ናቸው፣ የእንግሊዝ ሱፍ ካልመጣ ሥራቸው ይቆማል። የፈረንሳይ ንጉሥ ገባሮችም ናቸው። ኤድዋርድ ራሱ የፈረንሳይ ንጉሥ ከሆነ ግን ማን ከዳተኛ ይላቸዋል? ጋሻው ላይም የፈረንሳይን የሊሊ አበባ ከአንበሶቹ ጋር አደባልቆ አሣለ፤ የክብሩን ቦታ የያዘው አበባው ነው።

የኤድዋርድ ክርክር ግን ቀዳዳ ነበረው። ከሦስቱ ወንድማማቾች የታላቅየው የሉዊ 10ኛ ሴት ልጅ በ1332 ወንድ ልጅ ወልዳለች። በሴት በኩል ይወረስ ከተባለ ከኤድዋርድ ይልቅ ያ ሕፃን ይቀድማል።

የኤድዋርድ ልጅ የፈረንሳዩን ንጉሥ ዣን 2ኛን በ1356 ማረከው። ኤድዋርድም በ1360 በብሬቲኚ ውል 3 ሚሊዮን የወርቅ ኤኩ ቤዛና ሰፊ ግዛት ሊቀበል፣ የዙፋኑን ጥያቄ ሊተው ተስማማ። በ1369 ጠቡ ሲያገረሽ ማዕረጉን መልሶ አነሣ። ከሱ በኋላ የመጡትም የእንግሊዝ ነገሥታት «የፈረንሳይ ንጉሥ» መባሉን የተዉት፣ አበባውንም ከጋሻቸው ያነሡት በ1801 ነው። ያኔ ፈረንሳይ ራሷ ንጉሥ የላትም ነበር።