አቦሉ ሳያልፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞቼ እህቶቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኪሳችን ነው፣ ስለ ኪሳችንና ስለ ሰዓታችን። ጉባኤ ላይ ስለ ስካር ስለ ዝሙት ስለ ሐሜት እንማራለን፣ ተገቢ ነው፣ ግን ብሩን በምን እንደጨረስነው ቀኑስ የት እንደገባ ቁጭ ብለን ስንጠያየቅ አላይም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ንስሐ ስገባ "አባ ጊዜዬን አጠፋሁት" ብዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር፣ የሚነገር ነገር መሆኑም ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

የምኖረው ደሴ ነው፣ የምሰራው ኮምቦልቻ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ጠዋት በደሴ ብርድ ጃኬት ደርበህ ቁልቁለቱን ትወርዳለህ፣ ኮምቦልቻ ስትደርስ ጃኬቱ ክንድህ ላይ ነው። ርቀቱ ምንም አይደለም፣ ሰው የሚጨርሰው ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቁ ነው፣ ረዳቱ "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው" እያለ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፣ ማታም እንደዛው።

አምና ሁዳዴ ሲገባ 55ቱን ቀን ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት የቀኑን ወጪ በደብተር ልጽፍ ወሰንኩ፣ አንዲት ብር ሳትቀር። ለምን ብትሉ፣ ጾም ነው፣ ስጋ የለ ወተት የለ ቅቤ የለ፣ እንግዲህ ብር መትረፍ ነበረበት፣ ግን በየዓመቱ የሁዳዴ ወር ሲያልቅ እንደ ፍስኩ ወር ባዶ እጄን ነው የምቀረው። ጾም ደግሞ ምግብ ከመተው ጋር ብቻ አያልቅም፣ ነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር እንጀራህን ለተራበ ቁረስ ነው የሚለው። እና የኔ የጾም እንጀራ ማን ጋ ነው እየሄደ ያለው ብዬ ነው የጀመርኩት።

ደብተሩ ነገረኝ። ስፕሪስ ጁስ። የጾም ኬክ። የስልክ ፓኬጅ፣ ፓኬጁ ሳያልቅ ደግሞ ሌላ ፓኬጅ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ብዙ ነገር አቅልሎልናል፣ እውነት ነው፣ ግን ብሩ ሲወጣ አይታይም፣ ድሮ መቶ ብር ስትዘረዝር ልብህ ትንሽ ቅር ይላት ነበር፣ አሁን ቁጥር ነክተህ ሚስጥር ቁጥርህን አስገብተህ ትሄዳለህ፣ ማታ ደብተሩ ላይ ስትጽፈው ነው ድንግጥ የምትለው።

ከዛ አንድ የስራ ባልደረባዬ "በብር ብቻ ለምን ትጽፈዋለህ በሰዓትም ጻፈው" አለኝ። እንዴት አልኩት፣ አብረን ተቀምጠን አሰላነው። በእጄ የሚደርሰኝ 9,000 ብር ነው። ለትራንስፖርት በቀን 60 ብር፣ በ26 ቀን 1,560፣ ሲቀነስ 7,440 ይቀራል። ሰዓቱ ደግሞ 8 ሰዓት ስራው ብቻ አይደለም፣ መንገዱና ጥበቃው ደርሶ መልስ 2 ሰዓት ተኩል ይወስዳል፣ በቀን 10 ሰዓት ተኩል በወር 273 ሰዓት ማለት ነው። 7,440ን ለ273 አካፍሉት፣ 27 ብር ከምናምን ነው። እንግዲህ የኔ የአንድ ሰዓት ላብ 27 ብር ነው። 80 ብር የምጠጣው ጁስ ወደ ሶስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ሶስት ሰዓት ቆሜ በአምስት ደቂቃ ጠጣሁት። ፒያሳ ዓይኔን የጣልኩበት 2,800 ብር የሚባል ጫማ ነበር፣ ጫማ ሳይቸግረኝ፣ ሳሰላው ከ100 ሰዓት በላይ ነው፣ አስር የስራ ቀን፣ አስር ጊዜ ያን ቁልቁለት መውረድና መውጣት። ጫማውን እጄ ላይ ይዤ ይሄ ሁሉ ታየኝና መደርደሪያው ላይ መለስኩት።

እናንተም አስሉት፣ የምሬን ነው። ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። ኢሳይያስ 55 ላይ "ገንዘብን እንጀራ ላይደለ የድካማችሁንም ዋጋ ለማያጠግብ ነገር ለምን ትመዝናላችሁ?" የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምቼው አልፌዋለሁ፣ የድካማችሁን ዋጋ ነው እኮ የሚለው። ድካም ደግሞ ሰዓት ነው። ሚዛኑ ላይ የምናስቀምጠው ወረቀቱን ይመስለናል እንጂ ዕድሜያችንን ነው።

ሌላም ነገር አየሁበት። አንድ ቀን ሽንኩርት ይረክሳል ተብሎ ሰኞ ገበያ ወረድኩ፣ ከሰፈር ሱቅ በኪሎ 15 ብር ይቀንሳል፣ አራት ኪሎ ገዛሁ፣ 60 ብር አተረፍኩ ማለት ነው፣ ለባጃጅ 40 ከፈልኩ፣ ሶስት ሰዓት ፈጀብኝ። ለ20 ብር ሶስት ሰዓት! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄው ነው። በዛው ሳምንት ደግሞ የኪዳን ጸሎት እንዳያመልጠኝ ብዬ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ "አባከንኩ" ብዬ ቀኑን ሙሉ ሲቆጨኝ ዋለ። የቱ ነው ብክነቱ? ለኪዳን የከፈልኩት ነው ወይስ ለሽንኩርት የሮጥኩት?

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ይሄ ስሌት ምርጫ ላለው ሰው ነው። የቀን ስራ ፈላጊውን፣ ጉልት የምትቸረችረውን እናት "ጊዜሽን አስቢበት" ልንላቸው አንችልም፣ የእነሱ ጊዜ እንጀራቸው ነው፣ አንዷ ሰዓት ብትጎድል ማታ ቤት የሚጎድል ነገር አለ። እኛ ግን ከጉልት ሻጯ 5 ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት እንከራከራለን፣ ሱፐርማርኬት ገብተን ዋጋውን ሳናይ እንከፍላለን። እባካችሁ ይሄን እንተው። የጠራችውን ክፈሏት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በሏትና ሂዱ።

እና አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም ስሌቱ ጥሩ መስሎኝ እያለ ወደ ክፉ ወሰደኝ። ሁዳዴው ሲጋመስ ሁሉን ነገር መተመን ጀመርኩ። ዘመድ ጥየቃ ሁለት ሰዓት፣ 54 ብር። ለቅሶ ቤት ማደር፣ ስንት። አንድ እሁድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ፣ ዲያቆኑ "ተንሥኡ ለጸሎት" እያለ፣ ስልኬን አውጥቼ ሰዓት አየሁ። የምሄድበት አልነበረኝም። ዝም ብዬ ሰዓቱ እየሄደብኝ መሰለኝ። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ደስ አላለኝም፣ ከትንሣኤ በፊት የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ደብተሩን አሳየኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው።

አባ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉት፣ "ጁሱን መተውህ መልካም ነው ልጄ" አሉኝ። "ግን ቅዳሴውንም በዚሁ ታወጣዋለህ? ሁለት ሰዓት ተኩል በ27 ብር 67 ብር ከሃምሳ፣ ለመድኃኔዓለም ይሄን ነው የምትሰጠው?" አሉኝ። ዝም አልኩ። ከዛ የዮሐንስ ወንጌል 12ን አነሱልኝ። የአልዓዛር እህት ማርያም ሽቱውን በጌታ እግር ላይ ስታፈሰው ዋጋውን ያወጣው ማን ነበር? ይሁዳ። "ይህ ሽቱ ለሦስት መቶ ዲናር ተሽጦ ለድሆች ያልተሰጠ ስለ ምን ነው?" አለ። ማቴዎስ 20 ላይ ደግሞ የወይን አትክልቱ ሠራተኞች በቀን አንድ ዲናር ነው የተዋዋሉት። ስለዚህ 300 ዲናር የ300 ቀን ስራ ነው፣ ሰንበትና በዓሉ ሲቀነስ የአንድ ሰው ሙሉ ዓመት። እውነት ነው ይሁዳ ሂሳቡን አልሳተም። ማርያም ግን ዓመቱን በአንድ ጊዜ አፈሰሰችው፣ ጌታም መልካም ሥራ ሠራችልኝ አለ። "ሽቱ የተመነው ሰው ጌታንም ተመነ" አሉ አባ፣ "ሠላሳ ብር መዘኑለት ይላል መጽሐፉ። ሰውና እግዚአብሔር ሚዛን ላይ ከወጡ መጨረሻው እዛ ነው። ስሌትህን ለዕቃ አድርገው ልጄ፣ ለሰው አታውጣው።"

ይሄን ቃል ከዛን ቀን ጀምሮ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች "ቀኖቹ ክፉዎች ናቸውና ዘመኑን ዋጁ" ሲል እኔ ቶሎ ቶሎ ስሩ፣ ሰዓት አታባክኑ ማለት ይመስለኝ ነበር። መዋጀት ግን ዋጋ ከፍሎ ከሌላ እጅ ማስለቀቅ ነው፣ በግሪኩም ቃሉ ገበያ ከሚለው የወጣ ነው፣ ጌታ በደሙ ዋጀን የምንለው ያው ቃል ነው። እንግዲህ ዘመናችን በሌላ እጅ ተይዟል ማለት ነው፣ ለዕዳ ተይዟል፣ ለስልኩ ተይዟል፣ ሰው ምን ይለኛል ለሚለው ተይዟል። ለአንድ ቀን ሠርግ ወይ ተዝካር ተበድሮ ሁለት ዓመት የሚከፍል ሰው አውቃለሁ፣ ሁለት ዓመቱ የእሱ አይደለም፣ የአበዳሪው ነው። ዋጁ ሲባል አስለቅቁት ነው። የጁሱን ሶስት ሰዓት ማስለቀቅ ቻልኩ፣ ጥሩ፣ ግን ካስለቀቅኩት በኋላ ለማን ሰጠሁት? መልሼ ለራሴ ከሆነ እጁ ተቀየረ እንጂ ነፃ አልወጣም።

ከሰፈራችን አንድ ሙስሊም ባለሱቅ አለ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ የቀትር ጸሎቱ ዙህር ሲደርስ ሰው ተሰልፎም ቢሆን ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። አንዴ "ጋሼ ደንበኛ አያመልጥህም?" አልኩት፣ "ሪዝቁ ከአላህ ነው ልጄ፣ አብሽር" ብሎኝ ሄደ፣ ሲሳዩ ከአላህ ነው አይዞህ ማለቱ ነው። በወሎ ይሄን እያየን ነው ያደግነው፣ እኛ ክርስቲያኖቹ ደግሞ የጸሎት ሰዓታችን ሰባት ነው፣ ስንቱን ነው የምንዘጋለት?

የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳምም አስቡት፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እዛ ሆነው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ አባቶችን አስተማሩ፣ መጻሕፍት አጻፉ፣ ያጻፉት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ብራናውን መፋቅ፣ ቀለሙን መበጥበጥ፣ በመቃ ብዕር ፊደል በፊደል መልቀም፣ ለአንድ ወንጌል ስንት ቀን ስንት ወር እንደሄደ የጻፈው ሰውና እግዚአብሔር ናቸው የሚያውቁት። በሰዓት 27 ብር ብለን እናውጣለት? ሰውየው ካረፈ 700 ዓመት አልፎታል፣ ያ ሰዓቱ ግን ዛሬም አለ።

አባ የሰጡኝን ቀኖና ልንገራችሁ። ስግደት የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር። "እናትህ አሉ?" አሉኝ፣ አሉ አልኳቸው፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው ቤታቸው። "በየእሁዱ ከቅዳሴ በኋላ ሂድና ቡናቸውን ጠጣ። ሦስቱንም።" ይሄው ነው።

ለምን እንዲህ እንዳሉ አውቄዋለሁ፣ ስናዘዝ ነግሬያቸው ስለነበር ነው። እናቴ ቡና ስታፈላ እኔ ሁሌ የምደርሰው በረካው ላይ ነው፣ ኦቨርታይም አለ፣ ገበያ አለ፣ ሰው ቀጥሬ ነበር ምናምን፣ እየሮጥኩ ገብቼ ያችን ቀጭኗን ጨልጬ እወጣለሁ። እሷ አንድም ቀን አልተቆጣችኝም፣ "ይሁን የኔ ዓለም፣ አቦሌን ግን አንድ ቀን ጠጣልኝ" ትለኛለች።

የዳግም ትንሣኤ እሁድ ከቅዳሴ ወጥቼ ቀጥታ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ገና ቡናውን እየቆላች ነው፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ቀና ብላ አየችኝና መቁያውን ከእሳቱ አወረደችው።

"ምነው፣ ታመምክ እንዴ?"

"አልታመምኩም እማዬ።"

"ከስራ አስወጡህ?"

"ኧረ የለም፣ ቡና ልጠጣ ነው የመጣሁት።"

ትንሽ ዝም ብላ አየችኝ፣ ከዛ መቁያውን መለሰችው። ቆላች፣ ጭሱን ወደኔ አመጣችልኝ፣ ወቀጠች፣ ጎረቤት ጠራች። ስልኬን ጃኬቴ ውስጥ ትቼ ጃኬቱን በር ላይ ሰቅዬው ነበር። አቦሉን ስትቀዳልኝ ከጀበናው አጠገብ ካለው ብርጭቆ አንዲት ቅጠል መዝዛ ሲኒው ውስጥ ጣል አደረገችበት። ጤና አዳም ናት። እናቴ ቡናዋን በጤና አዳም እንደምትጠጣ በዚህ ሁሉ ዓመት አላውቅም ነበር፣ በረካው ላይ ቅጠሉ ካለቀ በኋላ ነዋ የምደርሰው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።