እዚሁ ያለ ዲስክ ለሩቅ ማከማቻ ካሽ ሲሆን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፋይሎቹ ክላውድ ላይ ናቸው፣ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው፣ ማሽኑ ላይ ደግሞ ሥራ የፈታ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) አለ። ኤስኤስዲውን ካሽ፣ ማለትም ከሩቅ የመጣ ፋይል ቅጂ በቅርብ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ማድረግ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሊኑክስ ላይ እንደ አርክሎን (rclone፣ የክላውድ ማከማቻን እንደ ፎልደር የሚያሳይ)፣ ኤፍኤስ-ካሽ (FS-Cache፣ የኔትወርክ ፋይሎችን የሚይዝ) እና ቢካሽ (bcache፣ ለሌላ ዲስክ ካሽ የሚሆን) ያሉ መሣሪያዎች ይህን ይሠራሉ። ፋይል የሚጠፋው ካሹ የማይሠራውን ይሠራል ተብሎ ሲታመን ነው።

«ካሽ ካለ ሁሉም ነገር ይፈጥናል»

የሚፈጥነው ሁለተኛው ንባብ ነው። 2 ጊጋባይት ፋይል በ10 ሜጋቢት መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ሲነበብ፣ ካሽ ኖረም አልኖረም 27 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። እያንዳንዱን ፋይል አንዴ ብቻ የሚያነብ ሥራ፣ ለምሳሌ ባክአፕ ወይም የቫይረስ ፍተሻ፣ ከካሹ ምንም አይጠቀምም፤ ይባስ ብሎ በየቀኑ የሚፈለጉትን ፋይሎች ገፍቶ ያስወጣል። ኤንኤፍኤስ (NFS፣ ፋይል በኔትወርክ የሚጋራበት ዘዴ) ላይ ደግሞ ኤፍኤስ-ካሽ የሚጠቀምበትን ካሽፋይልስዲ (cachefilesd) የተባለ ፕሮግራም መጫን ብቻ አይበቃም። ማከማቻው ማውንት ሲደረግ (ከማሽኑ ጋር ሲያያዝ) «ኤፍኤስሲ» (fsc) የሚለው አማራጭ ካልተጨመረ ካሹ ባዶውን ይቀመጣል።

«ሴቭ ካደረግኩ ክላውዱ ላይ ደርሷል»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። የአርክሎን የካሽ ሞድ «ራይትስ» (የሚጻፈውን የሚይዝ) ወይም «ፉል» (የሚነበበውንም የሚይዝ) ሲሆን ፋይሉ መጀመሪያ የሚጻፈው እዚሁ ዲስክ ላይ ነው። ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ 5 ሰከንድ ቆይቶ መላክ ይጀምራል። ፋይሉ ትልቅ፣ መስመሩ ቀጭን ከሆነ መላኩ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ እስኪያልቅ ድረስ አዲሱ ሥራችሁ ያለው ካሹ ውስጥ ብቻ ነው።

መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ፣ አርክሎን በዚያው ቅንብር እንደገና ሲነሳ ያልተላከውን ይልካል። ስለዚህ ከብልሽት በኋላ የካሽ ፎልደሩን «ጊዜያዊ ፋይል ነው» ብላችሁ አታጥፉት። ማሽኑን ሆን ብላችሁ ስታጠፉ ደግሞ፣ የአርክሎን ሪሞት ኮንትሮል (በሥራ ላይ ላለ አርክሎን ትእዛዝ መስጫው) ተከፍቶ ከሆነ፣ «ቪኤፍኤስ/ስታትስ» (vfs/stats) በሚለው ትእዛዝ እየተላኩ ያሉትንና ወረፋ የያዙትን ፋይሎች ቁጥር እዩ። ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ ጠብቁ።

ቢካሽን በራይትባክ ሞድ፣ ማለትም መጀመሪያ ካሹ ላይ ብቻ ጽፎ ወደ ዋናው ዲስክ በኋላ እንዲልክ አድርጎ፣ ማስኬድ ከዚህም ይብሳል። ካሹ የሚይዘው ፋይል ሳይሆን ብሎክ (የዲስክ ቁራሽ) ስለሆነ፣ ኤስኤስዲው ሲሞት የሚጎድለው ሁለትና ሦስት ፋይል አይደለም፤ ያልተላከው ብሎክ የፋይል ሲስተሙ መዝገብ ሊሆን ስለሚችል ከኋላ ያለው ዲስክ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል። ሳይነካ ሲተው ቢካሽ የሚሠራው በራይትስሩ (ካሹም ዋናው ዲስክም ላይ አብሮ በሚጽፍ ሞድ) ነው፤ እንደዚያው ተዉት። ራይትባክ የግድ ካስፈለገ ሁለት ኤስኤስዲ በሬይድ 1 (ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቅጂ በሚያስቀምጥ አሠራር) አጣምሩ።

«ገደብ ስላበጀሁለት ዲስኩ አይሞላም»

አርክሎን ገደብ ካልተሰጠው በመጠን አይገታም። ቢሰጠውም መጠኑን የሚያየው በየ1 ደቂቃው ነው፤ የተከፈተ ፋይልንም አያስወጣም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ትልልቅ ፋይል ከተገለበጠ ገደቡ ይታለፋል። ካሹ ሲስተሙ ባለበት የዲስክ ክፍል (ሩት ፓርቲሽን) ላይ ከሆነ ሎግና ዳታቤዝ አብረው ይቆማሉ። የራሱ ፓርቲሽን ስጡት፤ 100 ጊጋባይት ከሆነ ገደቡን 70 ላይ አድርጉ። በነገራችን ላይ «ፉል» ሞድ የተነበበውን ክፍል ብቻ ስለሚያስቀምጥ «ኤልኤስ» (ls) የተባለው ትእዛዝ የሚያሳየው መጠን ያሳስታል፤ እውነተኛውን የሚነግራችሁ «ዲዩ» (du) ነው። ይህ የተነበበውን ክፍል ብቻ የማስቀመጥ አሠራር ኤክስፋት (exFAT) በተባለው የዲስክ ፎርማት ላይ አይሆንም፤ ካሹን ከሱቅ እንደመጣ ኤክስፋት በሆነ ተሰኪ ዲስክ ላይ ካደረጋችሁት አርክሎን እጅግ ይንቀረፈፋል። በኤክስት4 ፎርማት አድርጉት።

«ካሽ እንደ ባክአፕ ያገለግላል»

አያገለግልም። በአርክሎን መነሻ ቅንብር 1 ሰዓት ያልተነካ ፋይል ከካሹ ይወጣል። ካሹ የተቀመጠው አማዞን ክላውድ ላይ ኢንስታንስ ስቶር በሚባለው ጊዜያዊ ዲስክ ላይ ከሆነ ደግሞ፣ መረጃው ሪቡትን ቢቋቋምም ማሽኑ ስቶፕ ሲደረግ ይጠፋል።

«ሁለት ማውንት አንድ ካሽ ቢጋሩ ቦታ ይቆጠባል»

ሁለት የአርክሎን ፕሮሰሶች ለአንድ ማከማቻ አንድ የካሽ ፎልደር ከተጋሩ መረጃው ሊበላሽ ይችላል። ለእያንዳንዱ የተለየ ፎልደር መድቡ።